ጋኔን ሥልጣን የሚያገኘው በነጻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ስለ ወጣቶች መዝናኛ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከጓደኞቼ ጋር ተቀባብለን አንብበነዋል። ጸሐፊው ጠረጴዛ ተከቦ የሚደረገው የምናብ ጨዋታ ልጆችን ከአጋንንት ጋር ያላምዳል ብለው ሰግተዋል። ስጋታቸውን አልንቅም። ለሰው ልጅ የሚያስብ ሰው ይከበራል። ግን አንድ ቦታ ላይ ተሳስተዋል፤ ነገሩም እንዲሁ የሚታለፍ ስላልሆነ ነው የምጽፍላችሁ። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ጋኔን ኃይል የሚያገኘው እንዲሁ ያለ ዋጋ ነው፣ ልጆቹም የሚማሩት ይህንኑ ነው ብለዋል።

በፍጹም አይደለም! በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ስም ያለው፣ ከሌላው የተለየ ጋኔን ሁሉ እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ የሚናገር ታሪክ አለው። ማንን ገፍቶ እንደ ወጣ፣ ለማን እንደ ፈረመ፣ ማን ከላይ ሆኖ አንገቱን እንደ ያዘው ይታወቃል። ዋጋ ያልከፈለ፣ ዕዳም የሌለበት ጋኔን ፈልጌ አላገኘሁም። ልጆቹ ለሰዓታት ቁጭ ብለው የሚከራከሩትም በዚሁ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ልበል። አራት አምስት ሰው ይቀመጣል። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ማስተር እንለዋለን። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው "እኔ እንዲህ አደርጋለሁ" እያሉ ይጫወታሉ። የሚሆነው ያልታወቀ ነገር ሲመጣ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ አባት ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። ጌሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካውያን ናቸው እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት። እኛም እዚህ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ አንድ ጁስ ቤት ፎቅ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እንገናኛለን። ማስተሩ እኔ ነኝ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ወሬያችን ግን ሁሉም በአማርኛ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በዚህ ጨዋታ ዓለም ውስጥ ክፉ መናፍስት አንድ ዓይነት አይደሉም። ዴቪል እና ዲመን የምንላቸው ሁለቱ እንዲያውም ደመኞች ናቸው፤ የደም ጦርነት በሚባል ማለቂያ የሌለው ውጊያ ይፋጃሉ። ልዩነታቸው ሕግ ነው። ዴቪሎች ክፋታቸውን በደንብና በፊርማ ያካሂዳሉ። ዲመኖች ሕግ የሚባል ነገር አያውቁም። ስለዚህ ሁለቱ ወደ ሥልጣን የሚወጡበት መንገድም ለየቅል ነው።

የዴቪሎቹን አገር እንይ። ሲኦላቸው ዘጠኝ እርከን አለው። የመጀመሪያው አቨርነስ ይባላል፣ የመጨረሻው ኔሰስ ነው፤ እዚያ አስሞዴዎስ ተቀምጦ ሁሉን ይገዛል። በክፋቱ ተፈርዶበት እዚያ የወረደ ሰው ሌሙር ይሆናል። ሌሙር ማለት ቅርጽ የሌለው፣ የሚንፏቀቅ ሥጋ ነው። ስሙን አያስታውስም። ማን እንደነበረ አያውቅም። ንጉሥ የነበረውም፣ ሌባ የነበረውም እዚያ እኩል ነው። ከዚያ የሚያወጣው የበላዩ ብቻ ነው። የበላዩ ከፈለገው ወደ ኢምፕ ወይም ወደ ሌላ ዝቅተኛ ማዕረግ ከፍ ያደርገዋል፤ ሰውነቱም እንደ አዲስ ይሠራል። ከዚያ ባለ ጢሙ አለ፣ ባለ አጥንቱ አለ፣ ቀንዳሙ አለ፣ የበረዶው አለ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ፒት ፊንድ ይደርሳል። ከፒት ፊንድ በላይ የዘጠኙ እርከኖች ገዥነት ነው፤ ወንበሩም ለእያንዳንዱ እርከን አንድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። እያንዳንዱ ማዕረግ የሚሰጠው በሰበሰበው ነፍስ፣ በፈጸመው ትእዛዝ፣ አሳልፎ በሰጠው ባልደረባ ልክ ነው። የተሰጠውም ማዕረግ ይነጠቃል። ያጠፋ ዴቪል ተመልሶ ሌሙር ሊሆን ይችላል። በአልዜቡል የሚባለውን ገዥ ውሰዱ። በፊት መልከ መልካም መልአክ ነበር። በኋላ አስሞዴዎስ ተቆጥቶት የሚያስጠላ፣ የሚዝለገለግ፣ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት አድርጎት ዘመናት አሳልፏል። ገዥ ሆኖም ነው ይህ የደረሰበት። ታዲያ ይሄን የሰማ ልጅ "እኔም እንደሱ በሆንኩ" ይላል?

ከሁሉም የእኔ ምርጫ ቤል ነው። ስለ አስሞዴዎስ ብዙ ይወራል፤ ነገር ግን ታሪኩ በጨዋታው መጽሐፍ በየእትሙ ስለሚለያይ አንዱን ይዞ መናገር ያስቸግራል። ቤል ግን ጥርት ያለ ነው። ከሌሙርነት ተነስቶ፣ በደም ጦርነት እየተዋጋ፣ ማዕረግ በማዕረግ ወጥቶ ፒት ፊንድ የሆነ ጄኔራል ነው። በአንዱ ትረካ አለቃውን ዛሪኤልን ከድቶ አቨርነስን ይይዛል። አልገደላትም፣ አስሮ ጉልበቷን ይመጥ ነበር። ወንበሩ የእሱ ነው፣ ኃይሉ ግን የእስረኛዋ ነው። በአዲሱ ትረካ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ዛሪኤል መልአክ ነበረች። የደም ጦርነቱን ከሰማይ እያየች መታገሥ አቃታት፣ ፈረሰኞች አስከትላ አቨርነስ ገባች፣ ተሸነፈች። አስሞዴዎስም ከወደቀችበት አንስቶ የአቨርነስ ገዥ አደረጋት፤ ቤል ከወንበሩ ወርዶ የእሷ አገልጋይ ሆነ። በሁለቱም ትረካ ብትሄዱ ከሁለቱ አንዱም ነጻ አይደለም። ጎበዝ ጸሐፊ የሠራው ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ። በተለይ የዛሪኤል። ክፋትን ለማጥፋት ብላ ነው የገባችው። ንዴቷ ነው የበላት።

የዲመኖቹን በአጭሩ። አገራቸው አቢስ ይባላል፣ እርከኑ ማለቂያ የለውም፤ በተለምዶ 666 ነው ሲባል ይሰማል። እዚያ ሹመት የሚሰጥ የለም። የተቀማ ይወድቃል፣ የቀማ ይነግሣል። ዴሞጎርጎን የአጋንንት አለቃ የሚባለውን ስም የያዘው ማንም ስለ ሾመው ሳይሆን እስካሁን የሚነጥቀው ስለጠፋ ነው። ኦርከስ እና ግራዝት የሚባሉት ሁለቱ ተፎካካሪዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህንን ስም ይፈልጉታል። ዴሞጎርጎን ራሱ ሁለት የዝንጀሮ ራስ አለው፤ ሁለቱ ራሶችም አንዱ በሌላው ላይ ያሤራል። ከራሱ ጋር እንኳ ሰላም የለውም።

ኦርከስ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እሱ ሰው ነበር። ክፉ ሰው። ሞተ፣ አቢስ ወረደ፣ ከትል ጀመረ። ሌላውን እየበላ፣ እየገደለ፣ መልኩን እየለወጠ ባሎር እስከሚባለው ትልቁ ዲመን ደረሰ፣ ከዚያም አለቃ ሆነ። አንዲት የበቀል አምላክ ገደለችው። ስሙንም ለማጥፋት ሞከረች። እሱ ግን ሞቶ አላረፈም፣ በሌላ ስም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሙታንን የሚጠራ፣ ሕያውን የሚጠላ ሆኗል። ኦርከስን ከሌላው ዲመን የሚለየው ቁመቱ ወይም ቀንዱ አይደለም። ሁለት ጊዜ ሞቶ ሁለቱንም ጊዜ ለመሞት እምቢ ማለቱ ነው። ያ እምቢታው ነው ኃይሉ፣ ያው እምቢታው ነው እርግማኑም።

ሦስተኛ ወገን አለ፣ ዩጎሎዝ ይባላሉ። ለከፈላቸው የሚዋጉ ቅጥረኞች ናቸው። በአንዱ ትረካ አስሞዴዎስ ጠንቋዮች አዝዞ ያሠራቸው ናቸው፤ እውነተኛ ስማቸውም በአራት መጻሕፍት ተጽፎ ነበር። ስማቸውን የያዘ እነሱን ይይዛል። ይሄን ስናነብ ከመካከላችን አንዱ "ይሄማ የእኛ ክታብ ነው" አለ። ልክ ነው። በየክታቡ የውርዝልያ ስም የሚጻፈው፣ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ላይ ሆኖ በጦር ሲወጋት የሚሳለው ለምን ይመስላችኋል? ስሟና ያደረገችው ሲታወቅ ነው የምትያዘው። ውርዝልያ እንዲያው ዝም ብላ "አንዲት ጋኔን" አይደለችም። ልጅ ገዳይ ናት፤ ታሪክ አላት፤ ያሸነፋትም ሰው ስም አለው።

ለጸሐፊው ከሁሉ በላይ ልነግራቸው የምፈልገው ይሄ ነው። ስለ አጋንንት አነሣስ መጠየቅ ከአሜሪካ የመጣ ነገር አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው ግዕዝ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ከእኛ አገር ቅጂዎቹን ይዞ እስኪመለስ ድረስ አውሮፓ ሙሉውን አላየውም። እዚያ ምን ተጽፏል? ሁለት መቶ መላእክት በሄርሞን ተራራ ላይ ይወርዳሉ። አለቃቸው ሰሚያዛ ነው። የሰውን ሴቶች ልጆች ሊያገቡ አስበዋል። ሰሚያዛ ግን ይፈራል፤ እናንተ ትተዉኝና የዚህን ኃጢአት ዕዳ ብቻዬን እሸከማለሁ ይላቸዋል። እነሱም ሁሉም ይማላሉ፣ በእርግማን እርስ በርሳቸው ይተሳሰራሉ። አያችሁ? የመጀመሪያ ሥራቸው መሐላ ነው። አለቃው ራሱ ያለ ተባባሪ አንድ እርምጃ መሄድ አልቻለም።

ከሁለት መቶው ግን የሚታወሰው ማን ነው? አዛዝኤል። ሰይፍና ጋሻ መሥራትን ለሰው ያስተማረ እሱ ነው። ስለዚህም ኃጢአት ሁሉ በእሱ ላይ እንዲጻፍ ይታዘዛል። ሩፋኤል እጅና እግሩን አስሮ በዱዳኤል በረሃ ጨለማ ውስጥ ይጥለዋል፣ ሹል ድንጋይም ይከመርበታል። ከብዙዎቹ መካከል ስሙ ነጥሮ የወጣው በሠራው ሥራና ባስከፈለው ዋጋ ነው። ጋይጋክስ ከመወለዱ ስንት ዘመን በፊት አባቶቻችን በብራና ሲገለብጡት የኖሩት ታሪክ ነው ይሄ። ልጆቻችን ጠረጴዛ ላይ "ይሄ ጋኔን እንዴት ገነነ?" ብለው ሲጠይቁ አዲስ በሽታ አላመጡም።

እኛ ጠረጴዛ ላይ የሆነውን ላሳያችሁ፣ በወሬ ብቻ እንዳይቀር። አንድ ዴቪል ፈጥሬ ነበር። የታሪኩ ከተማ ሐይቅ ዳር ያለች የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ ናት፤ አሞራ ገደልን የሚያውቅ ከየት እንደቀዳሁት ይገባዋል። ዴቪሉን ሰዉ "ዋስ አምጣ" ነው የሚለው። ሲጀምር ተራ ኢምፕ ነበር። መረብና ጀልባ ያበድራል። የተበዳሪውን ነፍስ ግን አይጠይቅም። "ያንተን አልፈልግም፣ ዋስ ብቻ አምጣ" ይላል። ተበዳሪው ደስ ይለዋል። እናቱን ያመጣል፣ ጓደኛውን ያመጣል፣ የክርስትና ልጁን ያመጣል። ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር የምትሄደው የዋሱ ነፍስ ናት። ሐይቁ ደግሞ ዓሣ የነፈገበት ዓመት መጣ።

ለምን እንዲህ እንዳደረግኩት ልንገራችሁ። ሌሎቹ ዴቪሎች የሚያመጡት ስግብግቡን፣ ሥልጣን የጠማውን ነው። እሱ ግን ወደ ሲኦል ፈጽሞ የማይመጡ ሰዎችን አመጣ። ለሰው ብለው የፈረሙትን። አለቆቹ ይህንን ሲያዩ ማዕረግ በማዕረግ ላይ ጨመሩለት። ከኢምፕ ወደ ላይ የወጣው በዚህ ነው፤ ልዩ ያደረገውም ይሄው ነው። ተጫዋቾቹ ሲደርሱበት በሰይፍ የማይቻል ሆኖ ነበር።

ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሊዋጉት ሞከሩ። አልሆነም። ከዚያ አንዷ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ "ቆይ፣ እሱንስ ከፍ ሲያደርጉት ዋስ የሆነው ማን ነው?" አለች። ጠረጴዛው ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም ጥያቄው ትክክል ነበር። በሕግ በሚኖር ሲኦል ውስጥ ለማዕረጉ የቆመለት የበላይ መኖር አለበት። ጉዟቸውን ሁሉ ለወጡ። መጋዘን ሰብረው የሹመቱን ወረቀት አገኙ። የቆመለት አንድ ፒት ፊንድ ነው፤ ዋስ አምጣ ከወደቀ እሱም አብሮ ይወርዳል ይላል ወረቀቱ። እነሱም ያደረጉት ምንድን ነው? ለከተማው ሰው እየዞሩ ያልተከፈለውን ዕዳ በጋራ ከፈሉ። ልጅቷ የገጸ ባሕርይዋን ጀልባ ሸጠች፣ ሌላው የአባቱን ሰይፍ ሸጠ። ዋሶቹ አንድ በአንድ ነጻ ወጡ። ከዚያ ወረቀቱን ይዘው ፒት ፊንዱ ዘንድ ሄዱና "ሰውህ ባዶ እጁን ነው" አሉት። ፒት ፊንዱ ለራሱ ፈርቶ በገዛ እጁ ዋስ አምጣን ሌሙር አደረገው። አንድም ሰይፍ አልተመዘዘም። ከአስተናጋጁ ጋር ሁላችንም ቆመን አጨበጨብን።

እነዚህ ልጆች ከዚያ ጠረጴዛ ምን ይዘው ሄዱ? እኔ ልጆቹን አውቃቸዋለሁ። አንዱ በሳምንቱ ቤተሰቡ የፈረመውን የብድር ውል አምጥቶ "እስቲ ይሄን አብረን እናንብበው" ብሎኛል። አነበብነው። የዋስ አንቀጹን ያነበበ ሰው ቤታቸው ውስጥ አልነበረም።

ጸሐፊው የያዙት እውነት እንዳለ አልክድም። ጋኔንን ለማስፈራሪያ ብቻ የሚጠቀሙበት ማስተሮች አሉ። ትልቅ ቀንድ፣ ብዙ እሳት፣ ብዙ ደም፣ ከየት መጣ ሲባል መልስ የለም። ከኮምፒውተር ጌም የተወረሰ ልማድ ነው፤ የመጨረሻውን ጠላት ማሳበጥ ብቻ። እንዲህ ያለው ጨዋታ እኔንም ይሰለቸኛል፣ ለትንንሽ ልጆችም ባይሆን እመርጣለሁ። በእኛ ጠረጴዛ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች አናስቀምጥም፤ ወላጅ መጥቶ ማየት ከፈለገም ወንበር አለ።

መከልከሉ ግን የሚፈይደው ነገር የለም። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይኸው ስጋት ገብቷቸው ብዙ ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የጨዋታው ሁለተኛ እትም ዴቪል እና ዲመን የሚሉትን ቃላት አወጣቸው፣ በኋላ ባቴዙ እና ታናሪ በሚል ስም ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሦስተኛው እትም ሲወጣ የድሮዎቹ ስሞች ቦታቸውን ያዙ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስማቸው ይለዋወጥ እንጂ ያው ሌሙር ከሥር ነበር፣ ያው ፒት ፊንድ ከላይ ነበር፣ ያው ውል በመካከል ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ጸሐፊው ሐዋሳ ብቅ ካሉ አንድ ቅዳሜ መጥተው ይቀመጡ፤ መጫወት ባይፈልጉም ሰምተው ይፍረዱ። ሁለተኛው ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ነው። በጋዜጣችሁ የልብ ወለድ ዓምድ ላይ የሚወጡት አስፈሪ ታሪኮች አብዛኞቹ ጋኔኑን ከጨለማ ድንገት ብቅ ያደርጉትና ድንገት ያጠፉታል። ከየት እንደ ተነሣ፣ ማን እንዳሳደገው፣ በማን ዕዳ እንደ ቆመ አይነግሩንም። የሄኖክና የክታቡ አገር ሆነን ይሄ ያሳዝናል። ለወጣት ጸሐፊዎች ቦታ ስጡ። የእኛ ልጆች "ዋስ አምጣ"ን በአጭር ልብ ወለድ ጽፈው ጨርሰዋል፤ ሦስት ክፍል ነው፣ በእጅ የተጻፈው ተተይቦ ተዘጋጅቷል። አድራሻችሁን ብትነግሩን በሚቀጥለው ሳምንት እንልካለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ